እንደ ድሮው ሁኚ

መስከረም 22፣ 2016

አደይ ማዕዛ ዛሬ የግራ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው። ትብለጽ እናቷን ይዛ ሆስፒታል ስለዋለች ሱቁ ለእኔ ብቻ ቀረ። ሩዋንዳ ሰፈር ያለው እንግዳ ማረፊያ መጋረጃ ገና ግማሹ አልተሰፋም፣ የስፌት መኪናው ደግሞ ክር መበጠስ ጀምሯል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለች።

«በሰላም ወጣች። ሐኪሙ ግን ማጎንበስ የለም፣ ማሸት የለም፣ ማልቀስ የለም አላት። ለአንድ ወር። እሷ ምን አለችው መሰለሽ? ‹ሦስት ዓመት ያለቀስኩትስ ምን ሊሆን ነው?›»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ስልኩን ዘጋን። ስለ ወንድሟ ስለ መርሃዊ ስናስብ ሁልጊዜ ዝም ነው የምንለው።

መስከረም 24

ጋሽ ስብሓት ሱቅ መጡ። የአደይ ማዕዛ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ኦሎምፒያ በሱቃችን በር ሲያልፉ ከመኪና ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ እንጂ ገብተው አያውቁም። ትብለጽ ጨርቅ ልትገዛ መርካቶ መሄዷን አጣርተው እንደመጡ የገባኝ በኋላ ነው። ወንበር ሳብኩላቸው፣ አልተቀመጡም።

«ሀጀር፣ አንቺ ቤተኛ ነሽ» አሉኝ።

ሰው እንደዚህ ብሎ ሲጀምር ደግ ነገር አይከተልም።

መርሃዊ ሞቷል።

አብሮት የዘመተ ልጅ ነው ለቤተ ዘመድ ያረጋገጠው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ወሎ ላይ ነው አሉ። ወሎ የት ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት። «ምን ያደርግልሻል?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

«የእህቴ ዓይን እስኪድን መርዶው አይነገርም። ለትብለጽም አይነገርም፤ እሷ ካወቀች እናቷ በአንድ ዓይኗም ቢሆን ፊቷን ታነበዋለች። አንቺ ቀኑን ሙሉ አብረሻት ነሽ። ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይደርስባት ተከላከይ። ዋናው ነገር እንደ ድሮው ሁኚ። ተጫወቱ፣ ሳቁ። እንዳትጠረጥር።»

«እሺ» አልኩ። ከወጡ በኋላ የአንዱን መጋረጃ ጫፍ ሰፋሁት። ጠማማ ሆነ። ፈታሁት። መልሼ ሰፋሁት።

ማታ

እናቴ ተኝታለች። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ስላለ እጽፋለሁ።

እንደ ድሮው ሁኚ አሉኝ። ድሮ እንዴት ነበርኩ?

ድሮ ልጆች ሳለን ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን፤ እነሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። አደይ የምላቸውም ከልጆቻቸው ጋር አብሬ ስላደግኩ ነው። መርሃዊ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ የስፌት መኪና መካኒክ ነበር። ትብለጽና እኔ የመጋረጃ ሱቁን ስንከፍት ይህን አሮጌ መኪና ፈታትቶ ያቆመልን እሱ ነው። ከሥራ ሲመለስ በኛ በኩል ያልፍ ነበር። «ዘይት አታብዢበት» ይለኛል፤ እኔ ሆን ብዬ አበዛለሁ። ከዚያ እስከ ታክሲ ይሸኘናል። ትብለጽ ቀድማ ከሄደች ደግሞ እኔን ይሸኘኛል፣ መንገዱ ስለሆነ ነው።

አንድ ቀን የታክሲ ረዳት በመልስ ተጣላውና «ውረድ፣ አንተ አጋሜ» አለው። ትብለጽ አለቀሰች። እሱ ግን በማግሥቱ ሱቅ ሲገባ «አጋሜው መጥቷል፣ ሻይ አምጡ» አለ። አዲግራት የአባቱ አገር ናት፤ አጋሜ የዚያ አካባቢ ስም ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። «ሰው ያገሬን ስም ስድብ ሲያደርገው ትቼለት ልሂድ? እኔ እወስደዋለሁ። ከኔ አፍ ከወጣ የኔ ነው» ይል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አንቺም በይኝ። ከዛሬ ጀምሮ ተፈቅዶልሻል፣ ቤተኛ ነሽ» አለኝ።

እኔም አልኩት። ስንት ዓመት አልኩት። ትብለጽንም እንደዚያው እላታለሁ፣ ትስቃለች። እሷ ደግሞ ወሎዬዋ ትለኛለች፤ ስለዚህ እኩል ነን።

ጦርነቱ ሲነሳ እሱ መቀሌ ነበር፣ የሥራ ዝውውር ብሎ ከሄደ መንፈቅ እንኳ አልሆነውም። ቃሉን ያን ጊዜ ተውኩት። ማንም ተይ አላለኝም። ካፌው፣ ታክሲው፣ የፀጉር ቤቱ ሁሉ ሲለው እኔ ማለት አስጠላኝ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አጎቴ ሰዲቅ ወሎ ላይ ሞተ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ከባድ መሣሪያ ቤቱ ላይ ወደቀ። እናቴ የወንድሟ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣላትም። «አጋሜ» የሚለውን ቃል ስትል ፊቷ ይጠቁራል።

መርሃዊ የሞተበትን ቦታ ስም እንኳ አልነገሩኝም።

መስከረም 25

አልኩት። ትብለጽ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ «ዛሬም አረፈድሽ፣ አንቺ አጋሜ» አልኳት።

ቦርሳዋን እንደያዘች ቆም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ምነው ዛሬ?» አለች።

«እንዲሁ። ናፍቆኝ።»

እውነቴን ነው ናፍቆኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ የዋልኩት ራሴን ነው። እሷ አልጠረጠረችም። ጋሽ ስብሓት በስልክ «ጎበዝ» አሉኝ።

መስከረም 28

ደግሜ አልኳት። ሳቀች፣ አጠር አድርጋ።

መኪናው ክር ይበጥሳል። ትብለጽ «ቦሌ ሚካኤል ጋ አንድ ልጅ አለ አሉ፣ እናሠራው» አለች። እኔ እሞክረዋለሁ አልኳት። መሳቢያው ውስጥ የመርሃዊ ካቻቢቴ አለ። አውጥቼ አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ባዕድ ሰው ያን መኪና ቢፈታው ያበላሸዋል።

መስከረም 30

መጋረጃ ልንሰቅል ሩዋንዳ ሄድን። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ቀለበቱን አስገባለሁ፣ ከመስኮቱ ሥር ካፌ አለ። ሁለት ወጣቶች በትግርኛ እየተጫወቱ ነበር። አንደኛው ማኪያቶው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ሌላኛው «አንተ አጋሜ» አለው፣ ተሳሳቁ። የጠየቃቸው የለም። የዞረ ሰውም የለም።

ቅናት ያዘኝ ብል ይቀልብኛል። ስወርድ ትብለጽ መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። እሷም ሰምታለች። «ደስ ይላሉ» አለች። እኔም ደስ ይላሉ አልኩ።

በታክሲ ስንመለስ ረዳቱ አንድ ከባድ ሻንጣ የያዙ ሽማግሌ ላይ ጮኸ። እሱም ያንኑ ቃል አለ። የእሱ አፍ ሌላ ነበር። ትብለጽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። እኔ ዝም አልኩ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። አሁን ቤት ሆኜ ስንት ነገር ይመጣልኛል።

ጥቅምት 2

መጥፎ ቀን።

አያት ሰፈር ያለችው ደንበኛችን የአዲሱን ቤቷን መጋረጃ ለመምረጥ መጥታ ሻይ እየጠጣች ነበር። እኔ ከመኪናው ሆኜ «አጋሜ፣ ሰማያዊውን ወርውሪልኝ» አልኩ። ሴትየዋ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ትብለጽን ትከሻዋን መታ አድርጋ «እስቲ አጋሜዋ፣ አንቺ ቀንሺልኝ፤ እናንተ እኮ ከንግድ ጋር ነው የተወለዳችሁት» አለቻት።

ትብለጽ ሜትሩን አነሳች። ለካችላት፣ ጻፈችላት፣ እስከ በር ሸኘቻት።

«ባለጌ» አልኩ ሴትየዋ እንደወጣች።

«ካንቺ ነው የሰማችው።»

«እኔ ያልኩትና እሷ ያለችው አንድ ነው እንዴ?»

«አፋችሁ ሁለት ነው፣ ሀጀር። ጆሮዬ ግን አንድ ነው።»

ሰማያዊውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች፣ እኔም ወደ መኪናው ተመለስኩ። በልጅነታችን አንድ ሳህን ላይ የበላን ሰዎች ነን። ጦርነቱ ጊዜ እነሱ ከቤት መውጣት ሲፈሩ ገበያውን የምወጣላቸው እኔ ነበርኩ፣ ጤፍና በርበሬ ተሸክሜ። እሱ ሁሉ ተረሳ? እንዲህ እያሰብኩ ስሰፋ ጣቴን ወጋሁት።

ነገ አልልም። ከነገ ወዲያም አልልም።

ጥቅምት 5

አላልኩም። ዝም ብዬ ዋልኩ። ዝም ስል ደግሞ እንባዬ ይመጣል። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ጥቅምት 7

ጋሽ ስብሓት ደወሉ። «ትብለጽ ‹ሀጀር ምን ሆናለች? ዓይኗ አብጦ ነው የምትውለው› አለችኝ። ምን እያደረግሽ ነው ልጄ? ጥቂት ቀን እኮ ነው የቀረው። የእህቴን ዓይን አታጥፊብኝ። እባክሽ እንደ ድሮው።»

እንደ ድሮው። እንደ ድሮው። ድሮ ምን እንደነበርን እሳቸው የት ያውቃሉ?

እናቴም አስተውላለች። አንድ የመርካቶ ሰውዬ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል መሰለኝ፣ «ፊትሽን አስተካክይ እንጂ፣ ሰው ያያል» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ለፊቴ የሚጨነቅልኝ ሰው መኖሩ አንድ ነገር ነው።

ጥቅምት 10

ምላሴን በቆረጠው።

አደይ ማዕዛን ልጠይቅ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ስብሓት ሳሎን ተቀምጠዋል፣ በዓይናቸው ይከታተሉኛል። አደይ መኝታ ቤት ናቸው፣ ዓይናቸው ላይ ያቺ ነጭ መሸፈኛ አለች። እጄን ይዘው «ይሄኛው ከዳነ ሌላኛውንም አስገፍፋለሁ። መርሃዊ ሲመጣ በሁለቱም ልየው» አሉኝ። ብርቱካኑን ልላጥልዎ ብዬ ወጣሁ።

ወጥ ቤት ትብለጽ ሳህን ታጥባለች። ፊቴን አየችውና «አንቺ ምን ሆነሻል ሰሞኑን?» አለችኝ። ጋሽ ስብሓት ከሳሎን ያዩኛል። ምን ላድርግ? ሳቅኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ምንም አልሆንኩም፣ ይልቅ ቢላ አቀብይኝ፣ አንቺ አጋሜ» አልኩ።

ከመኝታ ቤት አልጋው ተንቋቋ።

«መርሃዊ? መርሃዊ መጣ እንዴ?»

ስንሮጥ አደይ በባዶ እግራቸው ቆመው ግድግዳውን በእጃቸው ይፈልጋሉ። «ማነው እሱ? በዚህ ቤት እንደዚያ የሚል ልጄ ብቻ ነው። የት አለ?» ትብለጽ ጭንቅላታቸውን ደግፋ መልሳ አስተኛቻቸው። «ሀጀር ናት፣ እናቴ። ሀጀር ናት።» «ሀጀር?» አሉ። «እሱን መሰለችኝ።» ከመሸፈኛው ሥር እንባ ወረደ። ትብለጽ በንጹሕ ጥጥ አደረቀችላቸው፣ እንዳይሻሽ እየተጠነቀቀች።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ትኩር ብላ አየችኝ።

ምናልባት ለዓይናቸው ሰግታ ይሆናል።

ጥቅምት 12

ዛሬ ሱቅ ስንዘጋ፣ ቁልፉን እየዞረች፣ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«የምታውቂው ነገር አለ?»

«የምን?»

«እኔ እንጃ። የሆነ ነገር።»

«የለም።»

«በአላህ?»

«ወላሂ የለም» አልኩ።

ወላሂ አልኩ። ቤት ገብቼ ውዱእ አድርጌ ሰጋጃው ላይ ቆምኩ፣ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ይቅር በለኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ግን ስለ መርሃዊ መጠየቅ ብቻ ነው። የት ተቀበረ? ተቀብሯል?

ጥቅምት 16

ሐኪሙ መሸፈኛውን አነሳላቸው። በደንብ ያያሉ። ትብለጽ ከደስታዋ ብዛት ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ ለስላሳ ገዛች። እኔም ጠጣሁ።

ጋሽ ስብሓት ደወሉ፦ መርዶው እሑድ ነው።

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ገና ሳይነጋ ከግቢው ውጭ ተሰበሰብን። ወንዶቹ ጋቢ፣ ሴቶቹ ነጠላ፣ እኔ ጥቁር ሻሽ። ማንም አይናገርም። ጋሽ ስብሓት «አንቺ ከፊት ሁኚ፣ ትብለጽ ስትወድቅ ያዣት» አሉኝ። እስኪነጋጋ ጠብቀን ልናንኳኳ ነበር፤ በሩ ግን ራሱ ተከፈተ። ለካ ውኃ የሚመጣበት ቀን ነው። ትብለጽ በሌሊት ልብሷ ባሊ ይዛ ወጣች።

መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ሁሉ አየች። ማንም ምንም አላላትም፣ ማለትም አላስፈለገም። ባሊውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አንቺም?» አለችኝ።

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እጄን አለፈችውና አጎቷ ላይ ወደቀች።

አደይ ማዕዛ በጩኸቱ ወጡ። ደረታቸውን እየመቱ «ዓይኔን ያስገፈፍኩት ይህን ላይበት ነው?» አሉ። ደግመው ደጋግመው ያንኑ አሉ። ግቢው በሙሉ አለቀሰ።

ቧንቧው ክፍት ነበር። በርሜሉ ሞልቶ ውኃው በግቢው ይፈሳል፣ በለቅስተኛው እግር ሥር። ማንም ልብ አላለውም። ሄጄ ዘጋሁት። ከዚያ የቀሩት ጀሪካኖች ባዶ መሆናቸውን ሳይ መልሼ ከፈትኩት፣ አንድ በአንድ ሞላኋቸው። ለለቅሶ ቤት ውኃ ያስፈልጋል። ደግሞ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ነበር። መሬት ላይ ልወድቅ የእሱ ምኑ ነኝ?

ጥቅምት 20

ድንኳን ተተክሏል። ከኋላ ብርጭቆ አጥባለሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት «ምኑ ነሽ ልጄ?» አለችኝ።

«የእህቱ ጓደኛ ነኝ።»

«እግዜር ያጥናት» አለችኝ፣ ለትብለጽ። እኔም አሜን አልኩ፣ ለትብለጽ።

ትብለጽ አላናገረችኝም። ስገባ ፊቷን አታዞርም፣ ግን አታየኝም።

ጥቅምት 22

ፎቶውን ትልቅ አሳጥበው አቁመውታል። ሸሚዙን አውቀዋለሁ። ኪሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ መካኒክ ስለሆነ ካቻቢቴ እየከተተ ይቀደው ነበር።

ለእናቴ አልነገርኩም። የሰርግ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። «የሰርግ መጋረጃ ነው?» አለች። አዎ አልኩ።

ኅዳር 3

ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ። የሩዋንዳው ሰውዬ ቀሪውን ይጠብቃል። መኪናው ሁለት ስፌት ሰፍቶ ይበጥሳል፣ ሁለት ሰፍቶ ይበጥሳል። በእጄ ጨረስኩት።

ቀኑን ሙሉ ለትብለጽ የምለውን ሳዘጋጅ ዋልኩ። እኔ ምን አጠፋሁ? ጋሽ ስብሓት ናቸው ያሉኝ። እናትሽን ብዬ ነው። አንድም ቀን በክፋት ብዬሽ አላውቅም። ወንድምሽ ራሱ ነው በይ ያለኝ። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን ጮክ ብዬ ስለው ለጆሮዬ አልጥም አለኝ።

ኅዳር 14

መጣች።

ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ቆርጣዋለች። ገብታ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻይ ላምጣ አልኩ፣ አትነሺ አለችኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እናትሽ በተገፈፉ በሁለተኛው ቀን።»

ቀኖቹን ስትቆጥር ፊቷ ላይ ይታያል።

«ስለዚህ ያን ጠዋት አረፈድሽ ብለሽ የጠራሽኝ፣ እያወቅሽ ነው።»

«እንደ ድሮው ሁኚ ብለውኝ እኮ ነው። ምን ላድርግ? እንዳትጠረጥሪ…»

«ቃሉን ድሮም አልወደውም ነበር» አለችኝ።

መቀሱን ከእጄ አስቀመጥኩ።

«ድሮም፣ ሀጀር። የምስቀው እሱ ስለሚስቅ ነበር። እሱ ወደደው፣ የራሱ አደረገው፣ ላንቺም ፈቀደልሽ። የራሱን ነው የፈቀደልሽ። የኔን ማን ጠየቀኝ? ጦርነቱ ሲመጣ ስትተዪው፣ ያንን ሁሉ መከራ እያየሁ በልቤ ተመስገን ያልኩት አንድ ነገር ይሄ ነበር። ስሜን መልሰሽ ሰጠሽኝ። ከዚያ እሱ መሞቱን ስትሰሚ መልሰሽ ወሰድሽው።»

«በክፋት አይደለም» አልኩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶ የቀረኝ ይኼው ነበር።

«እሱን አውቃለሁ። በክፋት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተጣልተን አርፈን ነበር።»

ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች። ጎማውን በእጇ አንድ ዙር አዞረችው፣ የተበጠሰውን ክር ከመርፌው ላይ ለቀም አደረገች።

«ይሄን ለምን አላሠራሽውም?»

ካቻቢቴው ያለበትን መሳቢያ አየሁ።

«እኔን አልነበረም የምትጠሪው» አለች፣ ክሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች። «ሁልጊዜም በኔ በኩል እሱን ነበር የምትጠሪው። አደይ እንኳ በአንድ ዓይኗ አልጋ ላይ ሆና ለይታዋለች። እኔ አላውቅም ብለሽ ነው?»

አለቀስኩ። ከመስከረም ወዲህ ሰው ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ትብለጽ ቆማ አየችኝ። አላቀፈችኝም፣ ትታኝም አልወጣችም። ጨርሼ ፊቴን እስክጠርግ እዚያው ቆየች።

እናቷን ይዛ አዲግራት ልትሄድ ነው። ዘመድ እዚያ ሊያለቅስ ይፈልጋል። «ትመለሻለሽ?» አልኳት። «እንጃ» አለች። በሩ ላይ ስትደርስ «ሀጀር» አለችኝ። ወሎዬዋ አላለችኝም። «በስሜ ጥሪኝና ልሂድ።»

«ትብለጽ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ሄደች።

ኅዳር 16

የሱቁ መስኮት ራሱ መጋረጃ የለውም። ስንት ዓመት የሰው ቤት ስንሸፍን ልብ አላልነውም። ዛሬ ሰማያዊውን ሰቀልኩበት።

ኅዳር 19

ዛሬ ሄዱ። አውሮፕላን ማረፊያ አልሸኘሁም፤ ቤተ ዘመዱ ይሸኛል። ሱቅ ሆኜ በቦሌ በኩል የሚነሳውን ሁሉ አንጋጥጬ ሳይ ዋልኩ። የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ማታ

ይህን ጽፌ መተኛት አለብኝ።

ቤት ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ቅባት ትቀባለች። «ምነው ብቻሽን ነው አሉ የምትሠሪው? ያቺ አጋሜ ጥላሽ ሄደች?» አለችኝ።

«እማ፣ ይህን ቃል ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትዪው።»

ቅባቱን አስቀመጠች። እኔ እሷን እንደዚህ ተናግሬያት አላውቅም።

«አንቺ ስትዪ አልነበር እንዴ ዕድሜሽን ሙሉ? እኔ ስለው ነው ኃጢአት የሚሆነው?»

«እኔም አልልም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ሞተ፣ እማ።»

«ማን ሞተ?»

«መርሃዊ።»

ስሙን እዚህ ቤት ጠርቼው አላውቅም። «የትብለጽ ወንድም» ነበር የምለው፣ ሁልጊዜ። እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። የምታየው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያበጠውን ዓይኔን፣ የሰርግ መጋረጃውን፣ ስንት ዓመት የመለስኳቸውን ሽማግሌዎች፣ እንጃ።

«የት ነው የሞተው?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ልምዱ አለኝ።

«ወሎ» አልኩ።

እናቴ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። እዚያ የአጎቴ የሰዲቅ ፎቶ አለ። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። የምትለውን ሁሉ አውቀው ነበር፣ ብትለኝም አልፈርድባትም ነበር።

ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። የአልጋዋን ፍራሽ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፣ አልቻለችም፤ ትንሽ አረፈችና ደግማ ሳበችው። ላግዛት ብነሣ በእጇ ተይ አለችኝ። ለሰዲቅ ለቅሶ እንዳደረገችው መሬት ላይ አወረደችው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከናነበች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና አጠገቧን በእጇ መታ መታ አደረገችልኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አለችኝ።